የእሸት ጥግ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ግቢ ፍሬ በል ወፎችን ያቆየሁበት መንገድ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ አጥርና ጥቂት ሣር ያለው ግቢ ካላችሁ አንዲት ትንሽ ፍሬ በል ወፍ ጎረቤታችሁ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው። ርዝመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራጫ የቀላቀለ ቡናማ ናት፤ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት፤ ጉንጯ ጠቆር ይላል፤ መንቁሯ አጭርና ሾጣጣ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ክሪታግራ ትሪስትሪያታ ሲሆን፣ በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። መኖሪያዋ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ሰው "ድንቢጥ" ብሎ ያልፋታል።

ለመለየት ቅንድቡን እዩ። ቤት ጣሪያ ሥር የምትኖረው ድንቢጥ ራሷ ወጥ ግራጫ ነው፣ ነጭ ቅንድብ የላትም፣ ክንፏና ወገቧ ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የበለጠ የሚያሳስተው የቅርብ ዘመዷ ክሪታግራ ስትሪዮላታ ነው። እሱም ቅንድብ አለው፤ ግን ከፍ ያለ ሰውነት ያለው ሲሆን ደረቱ ላይ ደማቅ ጥቁር ቡናማ መስመሮች ወርደውበታል። የእኛዋ ደረት በንጽጽር ልሙጥ ነው ማለት ይቻላል። ዕይታ ካልጠራላችሁ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የተደረቁ የወፍ ናሙናዎችን ቀርቦ ማየት ዓይንን ያሠለጥናል።

ወፍ ለመሳብ ሲታሰብ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ እህል መበተን ነው። እኔ ግን የጀመርኩት ከማጭዱ ነው። ሣሩ መቼ ይታጨዳል የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም መኖ ይበልጣል፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በበጋ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ክረምቱ ሲገባ ይበቅላል፤ ያልበቀለውም ይበሰብሳል። ስለዚህ ግቢው አረንጓዴ በሆነበት በሰኔና በሐምሌ ፍሬ በል ወፍ የሚበላው ያጥረዋል። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ሣሩ ራስ ማውጣት ሲጀምር ችግሩ ይቃለላል። ነገር ግን ልክ በዚያ ሰሞን፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ግቢው ይጽዳ ተብሎ ሣሩ ከሥሩ ይላጫል። የዓመቱ ምርጥ ምግብ አፍ ላይ ደርሶ ይጣላል ማለት ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ምርጡ ምግብ ያልኩት እሸቱን ነው። ይህች ወፍ ያለችበት ቤተሰብ ወፎች ከብዙ ትናንሽ ወፎች የሚለዩት ጫጩቶቻቸውን በዋናነት በዘር ማሳደጋቸው ነው። ወላጆቹ ጉሮሯቸው ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ዘር ይሞሉና ጎጆ ደርሰው መልሰው ያጎርሳሉ። ለዚህ የሚመቸው ገና ወተቱ ያልደረቀ፣ ሲጫኑት የሚፈርጥ እሸት ነው። ደረቅ እህል ከገበያ ይገዛል፤ የሣር እሸት ግን የሚገኘው ቆሞ ካለ ሣር ላይ ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሣሩን ሁለት ቦታ ከፈልኩት። አንዱን ክፍል ግንቦት ላይ፣ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቼ አጭደዋለሁ፤ ሌላውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አልነካውም። በሚቀጥለው ዓመት ተራቸውን ይለዋወጣሉ። ሙጃና ሰርዶ ራሳቸው ይበቅላሉ፤ መዝራት አያስፈልግም። ሙጃ ግን ካልተቆጣጠሩት ሌላውን ሁሉ ስለሚውጥ ከግማሽ በላይ ቦታ ሲይዝ በእጅ እየነቀሉ ማሳሳት ነው። ጎረቤት "አይጥና እባብ ይገባበታል" ማለቱ የማይቀር ነው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። በቤቱ ግድግዳና በመተላለፊያው ዳር 1 ሜትር ስፋት ያለው በአጭሩ የታጨደ ሣር ሁልጊዜ ይኑር። ያደገው ጥግ ታስቦበት እንደተተወ ስለሚያሳይም ንትርኩን ይቀንሳል።

ከሣሩ ጎን ኑግ ዘራሁ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በየጓሮው ለፍሬ በል ወፎች የሚሰቀለው ቀጭን ጥቁር ዘር ይኸው የእኛ ኑግ ነው። አሜሪካ ሲገባ አብሮት የሚሄድ የአረም ዘር እንዳይበቅል በከፍተኛ ሙቀት ይታከማል። እኛ ጥሬውን ከሾላ ገበያ ወይም ከእህል በረንዳ እናገኘዋለን፤ የተቆላ እንዳይሆን ብቻ ጠይቁ። ለ4 ካሬ ሜትር አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በትነው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት። በሰፊው ግቢ አንድ እዚህ አንድ እዚያ ከተተከለ አበባው ያምራል እንጂ ፍሬው ባዶ ይሆናል። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ ስለማይዝ የሌላ ተክል ብናኝ በንብ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ተጠጋግቶ በአንድ ቦታ ይብቀል። ጭንቅላቱ ሲደርቅ አትሰብስቡት፤ በአገዳው ላይ ቆሞ ይበላ።

ሲበሉ ለማየት 8 በ42 የሆነ (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር) አቅራቢ መነጽርና ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ያለው ጊዜ ይበጃል። መንቁሩን ብቻ ተከታተሉ። ዘሩ በላይኛው መንቁር ውስጥ ባለው ቦይ ይያዛል፣ የታችኛው ስለቱን ያሳርፍበታል፣ ምላስ ዘሩን ያሽከረክረዋል፤ ቅርፊቱ ከመንቁሩ ጥግ ተንሸራቶ ሲወድቅ ፍሬው ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን እስኪጨፈን ነው።

በሰኔና በሐምሌ እጥረት ጊዜ ብቻ ትሪ አወጣለሁ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኑግ ወይም ዳጉሳ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ ጠዋት። ማታ የተረፈው ይነሳል፤ አለበለዚያ አይጥ ይጠራል። ትሪው ሙሉ መስሎ ሲታይ በላዩ ያለው ባዶ ቅርፊት ሊሆን ስለሚችል እፍ ብላችሁ አረጋግጡ። የሻገተ እህል መርዝ ነው። ከግብርና መደብር የሚገዛ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ዘር ደግሞ ፀረ ተባይ የተነካ ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥ። ትሪውን በየሳምንቱ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ አጥቦ፣ አለቅልቆ ማድረቅ ግድ ነው። ያበጠችና ላባዋን ነፍታ የምትቀመጥ ወፍ ካያችሁ ትሪውን ለሁለት ሳምንት አንሱት፤ በሽታ የሚዛመተው ብዙ ወፎች አንድ ሳህን ላይ ሲሰበሰቡ ነው።

ውሃ ግን ዓመቱን ሙሉ ይኑር። ደረቅ ዘር የምትበላ ወፍ በየቀኑ መጠጣት አለባት። ሻካራ የሸክላ ሳህን፣ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፤ ውሃው በየቀኑ ይቀየር፣ ካልሆነ ትንኝ ይፈላበታል። ሳህኑ ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፦ ወፏ ሸሽታ የምትደርስበት፣ ድመት ግን ተደብቃ የማትዘልበት ርቀት ነው። ከመስታወት ደግሞ ወይ ከ1 ሜትር ባነሰ ወይ ከ10 ሜትር በላይ ይቀመጥ። መካከሉ አደገኛ ነው፤ ደንግጣ ስትነሳ ፍጥነት አግኝታ ትላተማለች።

አጥሩን ከመከርከም በፊት ውስጡን ፈትሹ። ጎጆው አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ትንሽ ስኒ ይመስላል። ጠርዙ ዙሪያውን በነጭ ኩስ ከቆሸሸ የተተወ እንዳይመስላችሁ፤ የዚህ ቤተሰብ ወላጆች ጫጩቶቹ ከፍ ሲሉ ኩሱን ማውጣት ያቆማሉ። እንዲህ ያለ ጎጆ ጫጩቶቹ ለመውጣት መቃረባቸውን ስለሚያሳይ መቀሱን ለጥቂት ሳምንታት አቆዩት።