ከትዝታ በግማሽ ቶን ርቀት

እሁድ ማታ። ስለ ድሮ የሕንድ ፊልም ዘፈኖች ለማስታወሻ ያህል፤ ክራር ወይም ማሲንቆ ቤቱ ያለ ሰውም ይሞክራቸው።

የሕንዳዊው ተዋናይና የፊልም ዳይሬክተር የራጅ ካፑር «ሜራ ናም ጆከር» እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ ሁለት ጊዜ ዕረፍት የሚሰጥበት ፊልም ነበር። ከሰረ። ዘፈኖቹ ግን አልከሰሩም። ዘፋኙ ሙኬሽ የተጫወተው «ጃኔ ካሃን ጋዬ ዎ ዲን»፣ «እነዚያ ቀናት የት ገቡ ይሆን» እንደማለት ነው። ሐሳቡ ትዝታ ነው፤ ቅኝቱም ቢሆን ትዝታ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ዜማው የተመሠረተበት ራጋ (የሕንዶች ቅኝት እንደማለት) ሺቭራንጃኒ ይባላል። መነሻውን ዶ ብንል ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ናቸው (ፍላት ማለት በግማሽ ቶን፣ ፒያኖ ላይ ባለችው በትንሿ እርምጃ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው)። ትዝታ ማይነር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሷም በግማሽ ቶን። ክራሩን መጀመሪያ ትዝታ ማይነር ቃኙት፤ ከዚያ ላ ፍላት የሆነውን ክር ብቻ ግማሽ ቶን አጥብቁ። ያ ድምፅ በኦክታቭ (ያው ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ) ተደግሞ የተቃኘ ከሆነ ሁለቱም ክሮች መጥበቅ አለባቸው፤ አንዱ ከተረሳ እርስ በርስ ይጣላሉ። ሚ ፍላትንም አብራችሁ ካነሳችኋት ግን ሺቭራንጃኒ አመለጣችሁ፣ ሜጀር ትዝታ ገባችሁ። ሕንዶች እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይዘው ቡፓሊ ይሉታል።

ያቺ ግማሽ ቶን ምን ትሠራለች? ትዝታ ማይነር ጠባብ እርምጃ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ ከሬ ወደ ሚ ፍላት፣ ከሶል ወደ ላ ፍላት። ሁለቱም ቦታ ሆድ ያባባል። ሺቭራንጃኒ የታችኛውን ይዞ የላይኛውን ይከፍተዋል። ዜማው ከታች እያለቀሰ ከላይ ሰማይ ያያል። ለእኔ ጆሮ የእኛው ይበልጥ ይጨክናል፤ የእነሱ መጽናኛ አያጣም።

ክራር ላይ የሚጎድል አንድ ነገር አለ። ሕንዳዊ ዘፋኝ ከድምፅ ወደ ድምፅ አይዘልም፤ ይንሸራተታል። ሚንድ ይሉታል። የክራር ክር ደግሞ የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ዜማው ትክክል ሆኖም ደረቅ ይመስላል። ማሲንቆ ላይ ጣት ጭራው ላይ ስለሚንሸራተት ችግሩ የለም። ክራር ብቻ ያለው ሰው ያልተሳካለት በቅኝቱ ምክንያት እንዳይመስለው።

የሕንድ ፊልም ዘፈን አወቃቀር ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። ሙክዳ የሚሉት አዝማቹን ነው። አንታራ ግጥሙ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ወደ ላይኛው ዶ ወጥቶ ተመልሶ አዝማቹ ላይ ያርፋል። የጥንቱ ሸክላ አንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለነበር፣ ፊልሙ ላይ ያለ አንታራ ሸክላው ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ዘፈኑን ሙሉውን የፈለገ ከፊልሙ ይስማው።

በእነዚህ ዘፈኖች አንዳንዴ የሚሰማው የርቀት ስሜትም ቢሆን በእጅ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 «ማሃል» ለተባለው ፊልም ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር «አዬጋ አኔዋላ»ን ስትቀዳ፣ ድምፅ የሚያርቅና የሚያቀርብ መሣሪያ በስቱዲዮው አልነበረም። ማይክሮፎኑ መሀል ቆመ፤ እሷ ከክፍሉ ጥግ ጀምራ መግቢያውን እያንጎራጎረች ቀስ እያለች ቀረበች፤ አዝማቹ ሲገባ ማይክሮፎኑ ጋ ደረሰች። ይህን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ መጀመሪያ ላይ ከድምፁ ይልቅ የክፍሉ ግድግዳ ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ ግድግዳውን ጥሎ ይመጣል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ሸክላ ላይ የዘፋኟ ስም ተብሎ የተጻፈው «ካሚኒ» ነው፤ የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ስም።

የፊልም ዜማ ደራሲው አር ዲ በርማን ዘንድ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ፊልም፣ «ቹራ ሊያ ሄ» የሚከፈተው በብርጭቆ ኳኳታ ነው። በ1975ቱ «ሾሌይ» ውስጥ ደግሞ «ሜህቡባ» ላይ ጠርሙስ ይነፋል። ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ጠርሙስ ሲነፋ የሚርገበገበው ከውሃው በላይ ያለው አየር ስለሆነ ውሃ ሲጨመር ድምፁ ይቀጥናል። ብርጭቆ በማንኪያ ሲመታ ግን የሚርገበገበው መስታወቱ ነው፤ ውሃው ያከብደዋል፣ ድምፁም ይወፍራል። የሁለቱንም ድምፅ አንድ ላይ ማቅጠን የፈለገ፣ ጠርሙሱ ላይ ሲጨምር ብርጭቆው ላይ ይቀንስ፤ በጠብታ በጠብታ።