ደርሶ መልስ ቢሾፍቱ፣ በሶስተኛ ማዕረግ

እኛ አቃቂ ያደግን ልጆች የድሮውን ምድር ባቡር የምናውቀው ሀዲዱ ላይ እየተንገዳገድን በመሄድ ነው፣ አባዬ ግን በደንብ ተሳፍሮበታል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሰራ የሱ ፈረቃ ሰዎች ደመወዝ በወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ያጠራቅሙና እረፍት የገጠማቸው እሁድ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሶስተኛ ማዕረግ ይሳፈራሉ፣ ዱከምን አልፈው ቢሾፍቱ። ሆራ ዳር ቁጭ ብለው እማዬ የቋጠረችውን ድፎ ዳቦ ይበላሉ፣ ዋና የሚችል ይዋኛል፣ ማታ ይመለሳሉ። በቃ ይሄው ነው።

ግን አባዬ ሲያወራው ብትሰሙት! ወንበሩ እንጨት፣ መስኮቱ ክፍት፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ቆሎና ብርቱካን የያዙ ልጆች እየሮጡ ሲመጡ። አንዴ ምን አለኝ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሲጮህብን ከርመን ባቡሩም ይጮሃል፣ እሱ ግን አይደክመንም ነበር»።

መስመሩ መቼም ለሽርሽር አልተሰራም፣ 784 ኪሎ ሜትር ከጅቡቲ ተጎትቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የታሰበው ቡናና ቆዳ ማውጣት፣ እቃ ማስገባት ነው። ሰዉ ነው የራሱ ያደረገው። ለታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስለት ያለበት ሁሉ እስከ ድሬዳዋ በሱ ነበር የሚሄደው፣ አያቴም ጭምር።

እንግሊዝ አገርም የባቡር ሽርሽር የተስፋፋው እንደዚሁ በማዋጣት ነው ማለት ይቻላል። ቶማስ ኩክ የሚባል አናጢ የነበረ ሰው በ1841 እ.ኤ.አ. 500 የሚያህሉ መጠጥ የተቃወሙ ሰዎችን ከሌስተር ላፍቦሮ በባቡር ወስዶ መለሰ፣ ሂሳቡ ደርሶ መልስ 1 ሽልንግ። ቀድሞ ሙሉ ባቡር ሰው ካገኘህ ዋጋው ይወርዳል፣ ዘዴው ይሄ ነው፣ ከዛ በኋላ የፋብሪካ ሰራተኛው ሁሉ በርካሽ ባህር ዳርቻ መዋል ለመደ።

እና እኔን የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከለቡ ተነስቶ በቢሾፍቱ በኩል ነው የሚያልፈው እኮ። ለበዓል ጠዋት የሚወስድ፣ ማታ የሚመልስ፣ ቲኬቱ የቀን ሰራተኛ የሚችለው አንድ ባቡር ቢኖር ገላንና ቃሊቲ ያሉ የፋብሪካ ልጆች አይሞሉትም? ይሞሉታል፣ እኔ ራሴ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ስም እመዘግባለሁ። የመጀመሪያው ስም የአባዬ ነው፣ በመስኮት በኩል።