በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ

የአንድ ጥገና ክፍል ቴክኒሻን ኢንተርኔት ላይ «ነዳጅም መብራትም የማይፈልግ ጄኔሬተር» የሚል ቪዲዮ አየና ያየውን ሳያጓድል ሠራው። 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ብረት በቺንጋ ያዞራል፤ ብረቱ ደግሞ ዲናሞውን። የዲናሞው መብራት ሞተሩ ወደተሰካበት ኤክስቴንሽን ይመለሳል። ከዚያ የግድግዳው ስፒና ይነቀላል፤ ማሽኑ ግን በራሱ ይቀጥላል ይላል ቪዲዮው።

መመለሻው ገመድ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ነበረው። ቴክኒሻኑ እሱን ኤክስቴንሽኑ ላይ ሲሰካ ረዳቱ የግድግዳውን ሊነቅል ተዘጋጅቶ ቆሟል። ገመዱ እንደገባ ዲናሞው ጮኸ፣ ቺንጋው ተንሸራተተ፣ ብሬከሩ ወረደ። ሁለቱም 230 ቮልት ቢሆኑም የዲናሞው ሞገድ (ቮልቱ የሚወጣና የሚወርድበት አካሄድ) ከግድግዳው ጋር እኩል አይወጣም፣ እኩል አይወርድም። አንዱ ላይ ሌላው ታች ሆነው ከተገናኙ ልዩነታቸው እስከ 460 ቮልት ይደርሳል። የኃይል ማመንጫዎች ጄኔሬተርን ከመስመር የሚያገናኙት ቮልቴጁ፣ ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሴኮንድ የሚደጋገምበት ብዛት) እና ሞገዱ መግጠሙን አረጋግጠው ነው።

ረዳቱ ብሬከሩ ስለወረደ መብራት የለም ብሎ የግድግዳውን ስፒና መዥረጥ አድርጎ ነቀለ። ከባዱ ክብ ብረት ግን ገና አልቆመም፤ ዲናሞው ኤክስቴንሽኑን እየመገበ ነበር። የስፒናው ጥርሶች መዳፉን ሲነኩት መብራት ያዘው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጁ እስከ ክርኑ ደንዝዞ ተረፈ። የዚህ ገመድ አደጋ ይኸው ነው፤ የግድግዳው ስፒናም ሆነ የገመዱ አንዱ ጫፍ ሲነቀል ኃይል ያለበት ብረት ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገመድ ለምንም ሥራ ቢሆን መሠራት የለበትም።

በማግስቱ መመለሻው ቀርቶ፣ ዲናሞው ላይ ተራ አምፖሎች ታስረው በሁለቱም በኩል በዋትሜትር (በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለውን ኃይል በሚለካ መሣሪያ) ተለካ። ለሞተር ቮልትን በአምፔር ማባዛት አያስተማምንም፤ የሚስበው አምፔር ሁሉ ሥራ አይሠራምና። ከግድግዳው 1000 ዋት ሲገባ አምፖሎቹ ጋ የደረሰው 500 ገደማ ነው። ሞተሩ ሩቡን በሙቀት ያጠፋል፣ ቺንጋው ከቀረው 5 በመቶ ይወስዳል፣ ዲናሞው ደግሞ ከደረሰው 30 በመቶ ያህል ያባክናል። በግማሽ ኃይል ደግሞ ያንኑ ሞተር መልሶ ማዞር አይቻልም።

ከባዱ ክብ ብረት ኃይል ያስቀምጣል እንጂ አይፈጥርም። በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር የያዘው 4900 ጁል ገደማ ነው፤ 500 ዋት ቢጫንበት 10 ሴኮንድ አይሞላም። ቪዲዮው ላይ የበራው ግን ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ነው። ለእሱ ብቻ ቢሆን በስሌት 8 ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ኩሽኔታው፣ ቺንጋውና ዲናሞው አብዛኛውን ስለሚበሉት ወደ ግማሽ ደቂቃ ይወርዳል። ቪዲዮው እንደገና ሲታይ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ የሚያሳየው 15 ሴኮንድ ነው።