ሰልፈሪክ አሲዱ እጥፍ የሆነብኝ ቀን

ፍሬሽማን እያለሁ ኬሚስትሪ ላብ ላይ የሰራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ከሃይስኩል ጀምሮ የያዝኩት አንድ ፎርሙላ ነበር፣ ኤም ዋን ቪ ዋን እኩል ነው ኤም ቱ ቪ ቱ (ኤም ኮንሰንትሬሽን፣ ቪ ቮልዩም)፣ ኮንሰንትሬሽን የሚል ቃል ካየሁ በቃ እሱን አውጥቼ ቁጥር መክተት ነው፣ ጥያቄውን እንኳ ጨርሼ አላነብም።

የዛን ቀን 25 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ በ0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት እያደረግን ነው፣ ማለትም የአሲዱን ኮንሰንትሬሽን ለማወቅ አሲዱ እስኪያልቅ ድረስ ይሄን ቤዝ እየለካን እንጨምርበታለን። የመጀመሪያው ዙር ላይ ከፓርትነሬ ጋር ወሬ ይዘን ቀለሙ የቀይ ስር ጭማቂ መስሎ ደፋነው፣ እሱን ተዉት። በሁለተኛው ግን ጠብ ጠብ እያደረግኩ ፍላስኩን እያሽከረከርኩ ቆይቼ አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚቀይረው ፌኖልፍታሊን ስስ ሮዝ ሆኖ አልጠፋም ሲል ዘጋሁት፣ 31.4 ሚሊ። ፎርሙላዬን አወጣሁ፣ 0.1256 ሞላር፣ ደረቴን ነፍቼ ሄጄ አሳየሁ። አሲስታንቱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "እህቴ፣ ኢኩዌሽኑ የታለ?" አለኝ።

"የምን ኢኩዌሽን?"

"ባላንስ ያደረግሽው ነዋ።"

ተመልሼ ስጽፈው ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ሰልፈሪክ አሲድ የሚሰጠው ሁለት ሃይድሮጅን ስላለው አንድ ሞሉ ሁለት ሞል ቤዝ ይበላል። 0.0314 ሊትር በ0.1 ሲባዛ 0.00314 ሞል ቤዝ ነው፣ አሲዱ የዚህ ግማሽ፣ 0.00157 ሞል፣ ለ0.025 ሊትር ሲካፈል 0.0628 ሞላር። የኔ ልክ እጥፉ ነበር! ያ ፎርሙላ ለካ የተሰራው ውሃ ጨምረን ስናቀጥን ነው፣ ቲትሬሽን ላይ የሚያዋጣው ሬሾው አንድ ለአንድ ከሆነ ብቻ ነው፣ እንደነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። አሁን መጀመሪያ ኢኩዌሽን፣ ከዛ ቮልዩሙን ወደ ሞል፣ በሬሾው ወደ ሌላኛው ሞል፣ መጨረሻ ላይ ለሊትር ማካፈል፣ ይረዝማል ግን አያሳፍርም።

አቼቶ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። 10 ሚሊ አቼቶ በውሃ 100 ሚሊ አድርገን ከሱ 20 ሚሊ ወሰድን፣ 17.2 ሚሊ ያው 0.1 ሞላር ቤዝ ፈጀ። እዚህ ሬሾው አንድ ለአንድ ስለሆነ 0.086 ሞላር፣ በፐርሰንት ሲሰላ ወደ 0.5 ገደማ። ጠርሙሱ ላይ 5 ይላል። ፓርትነሬ "ውሃ ነው የሚሸጡልን" ብላ መፍረድ ጀምራለች፣ እኔም ልስማማ ትንሽ ሲቀረኝ ደብተሬ ላይ "10 ወደ 100" የሚለውን አየሁት፣ አስር እጥፍ አቅጥነነው እሱን መልሰን አላባዛንም። 0.86 ሞላር፣ በ60 (አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ የአንድ ሞል ክብደት በግራም) ሲባዛ በሊትር 52 ግራም አካባቢ፣ 5.2 ፐርሰንት። ሰዎቹ ጭራሽ ጨምረውልናል።