ጣናን ሰማያዊ እየቀባሁ ያበላሸኋቸው ሸራዎች

እቅጩን ልናገርና የመጀመሪያዎቹ አራት ሸራዎቼ ለሰው አይታዩም። ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ጣናን ዓይኔን ጨፍኜም እስለዋለሁ እል ነበር። ችግሩም እሱው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምስለው።

አንድ ጠዋት ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ሰማያዊውን ስለቀልቅ፣ ዓሣ ይዘው የተመለሱ አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን አስጠግተው አዩኝና «ልጄ፣ ይሄ የት አገር ያለ ሐይቅ ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ቀና ብዬ ሳይ ግን እውነታቸውን ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር እግሬ ስር ያለው ውሃ በደለል ምክንያት ሻይ በወተት መስሏል፤ ራቅ ያለው ደግሞ የሰማዩን ግራጫ ይዟል። ቅርቡን ከላይ ወደ ታች ስለምናየው የራሱ ቀለም ይታየናል፣ የሩቁን ግን አግድም ስለሆነ የምናየው እንደ መስታወት ሰማዩን ይመልስልናል። አንድ ሐይቅ ላይ ሁለት ቀለም ማለት ነው፣ እኔ ግን ከአንድ ቱቦ ጨምቄ ጨረስኩት።

ከሐይቁ ማዶ የሚታየው ዜጌም ጉድ ሠርቶኛል። ጫካ መሆኑን ስለማውቅ አረንጓዴ ቀባሁት፣ ከዚያ ማዶ ተነስቶ አፍንጫዬ ስር መጥቶ ቆመ! በመካከል ስንት አየር አለ። አረንጓዴውን ወደ ግራጫ ሰማያዊ ሳደክመው ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

ከሁሉም ያስቸገረችኝ ፀሐይ ናት። ነጭ ባበዛሁ ቁጥር የተቀቀለ እንቁላል ትመስላለች። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ በ1872 እ.ኤ.አ. «ለ ሃቭር» በሚባል የፈረንሳይ ወደብ ላይ የሳለውን የፀሐይ መውጫ ስዕል ስልኬ ላይ ከፍቼ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። ብርቱካኗ ፀሐይ ሰማዩ ውስጥ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። ለካ ከዙሪያዋ የበለጠ ነጣ ያለች አይደለችም፣ የምታበራው ግራጫ ሰማያዊ መሀል ብርቱካናማ ስለሆነች ነው። አሁን የራሴንም ስዕል ሳልጨርስ በፊት በስልክ ጥቁርና ነጭ አድርጌ አያለሁ፣ ነጻ ነው፣ ሞክሩት።

ሌላው ሰዓት ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ስለ ጠዋት ወርቃማ ብርሃን ሲያወሩ ጊዜ ያለ ይመስላል። እነሱ ጋ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ነው የምትወጣው፣ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትተኮሰው። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ብሩሽ እያጠብክ ቀና ስትል ብርሃኑ ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ትልቁን ሸራ ቤት ትቼ ትንንሽ ካርቶን መያዝ ጀመርኩ፣ ለአንዱ 20 ደቂቃ ብቻ። ብርሃኑ ሲቀየር ካርቶን እቀይራለሁ፣ የጀመርኩትን በማግስቱ በዚያው ሰዓት እቀጥላለሁ። ሞኔም በ1890 እና 91 እ.ኤ.አ. የእህል ክምር ሲስል ብዙ ሸራ ደርድሮ እንዲሁ ያደርግ ነበር። (ክምር! ጎጃም ሙሉ ክምር እያለ እኛ ዞር ብለን አናየውም።) ከሰዓት በኋላ ደግሞ አትድከሙ፣ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል፣ የምቀባው አክሪሊክ ቀለምም መደባለቂያው ላይ እንዳለ ይደርቃል።

ባለፈው እኚያን አባት አገኘኋቸውና አዲሱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «አሁን ጣና ሆነ» አሉ፣ ቀጠሉና «ታንኳው ግን ውሃ ጠጥቷል። አውጥተሽ አድርቂው።»

እውነትም በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የሳልኩት።