አዲሱ ሲኤስኤስ በብራውዘር እና በኢሜይል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን አንድ ወርሃዊ ኒውስሌተር በሁለት መልክ እየሠራሁ ነው። አንዱ ድረ ገጽ ነው፣ ሌላው ኢሜይል። ጽሑፉም ፎቶውም ያው ነው። አሠራሩ ግን አይገናኝም። ብራውዘሮች አዳዲስ የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ፊቸሮችን በየጊዜው ይጨምራሉ፤ ኢሜይል ላይ ግን ዛሬም በቴብል (በሰንጠረዥ) ነው የምንሠራው። እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ከድረ ገጹ ልጀምር። በጣም የወደድኩት ኮንቴይነር ኩዌሪን ነው። ድሮ ካርድ (የአንድ ጽሑፍ ርዕስና ፎቶ የሚቀመጥበት ሳጥን) ቅርጹን የሚቀይረው የስክሪኑን ስፋት እያየ ነበር። ያው ካርድ ግን በዋናው ዓምድ ላይ ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ ከጎን ባለው ዓምድ ደግሞ ይጨናነቃል። ስክሪኑ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ስለዚህ የስክሪኑን ስፋት ብቻ የሚያየው የድሮው ዘዴ፣ ሚዲያ ኩዌሪ፣ ልዩነቱን አያውቀውም። ኮንቴይነር ኩዌሪ ካርዱ የገባበትን ቦታ ስፋት ይለካል። ሲሰፋለት ፎቶው ከጽሑፉ ጎን ይቀመጣል፣ ሲጠበው ወደ ላይ ይወጣል። ክሮምና ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2022 አስገቡት፣ ፋየርፎክስ በፌብሩዋሪ 2023 ተከተለ። ስለዚህ አሁን ሳትሰጉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

አንድ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ስፋቱ የሚለካው ሳጥን የራሱን ስታይል በዚያው ኩዌሪ መቀየር አይችልም። የሚቀየረው ውስጡ ያለው ነው። ካርዱን በአንድ ተጨማሪ ዲቭ (የገጽ ሳጥን) ጠቅልሉትና «ኮንቴይነር-ታይፕ» የሚለውን ለዲቩ ስጡት። ኩዌሪው እምቢ ያላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

ሁለተኛው «ሃዝ» የሚባለው ሰሌክተር (ስታይሉ የሚያርፍበትን የገጽ ክፍል መምረጫ) ነው። ልጅን (ውስጥ ያለውን) በወላጁ (በያዘው ሳጥን) በኩል መምረጥ ድሮም ነበር፤ ወላጅን በልጁ በኩል መምረጥ ግን አይቻልም ነበር። አሁን «ፎቶ ያለበትን ካርድ» ብሎ ለይቶ መምረጥ ተቻለ። ከኒውስሌተሩ ጽሑፎች ብዙዎቹ ፎቶ የላቸውም። እነሱን ለመለየት ወይ ተጨማሪ ክላስ ወይ ጃቫስክሪፕት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አንድ መስመር በቃው። የመመዝገቢያው ፎርም ላይም ሞከርኩት፦ አድራሻው በትክክል እስኪጻፍ ድረስ አዝራሩ ደብዘዝ ይላል። ፋየርፎክስ ይህን ያስገባው በ2023 መጨረሻ ነው። አሮጌ ስሪት የያዘ ሰው አዝራሩ ሳይደበዝዝ ያየዋል እንጂ መመዝገብ አይከለከልም። ለእኔ ጥሩ ፊቸር እንዲህ ያለው ነው፤ ቢኖር ያሳምራል፣ ባይኖር ምንም አያጎድልም።

ሰብግሪድም ጎን ለጎን የተቀመጡ ካርዶችን ርዕስና አዝራር በአንድ መስመር ያስተካክላል። ኔስቲንግም (አንዱን የስታይል ሕግ በሌላው ውስጥ መጻፍ) መጥቷል፤ ለእሱ ብቻ ብላችሁ ሳስ (ወደ ሲኤስኤስ የሚቀየር ቋንቋ) የምትጠቀሙ ከሆነ አሁን አያስፈልጋችሁም።

ወደ ኢሜይሉ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 ስሪት ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በዎርድ ሞተር (ኮዱን ወደሚታይ ገጽ በሚቀይረው ክፍል) ነው። ፍሌክስቦክስና ግሪድ የሚባሉትን የሲኤስኤስ የአደራደር ዘዴዎች አያውቅም። የዲቭ ፓዲንግን (የውስጥ ክፍተትን) ስለማያከብር ክፍተቱን የቴብሉ ሴል ላይ ማድረግ የግድ ነው። ክብ ጠርዝ የሰጣችሁት አዝራርም ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። አዲሱ የዊንዶውስ አውትሉክ በዌብ ቴክኖሎጂ ስለሚሠራ እዚያ ብዙው ተሻሽሏል፤ አሮጌውን የያዘ አንባቢ ግን ገና ብዙ ነው። እኔ ቴብሉን በእጄ ከመጻፍ ኤምጄኤምኤልን መርጫለሁ። አጭር ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ቴብሉን እሱ ያወጣላችኋል።

ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ብቻ አይታችሁ ግን እንዳትላኩ። ከ2023ቱ 115ኛ ስሪት ወዲህ መልኩ በጣም አምሯል፣ የካርድ እይታውንም ወድጄዋለሁ፤ ለንባብ የምጠቀመው እሱን ነው። ነገር ግን የሚሠራው ፋየርፎክስ በሚሠራበት ጌኮ ሞተር ነው። ስለዚህ ዘመናዊ ሲኤስኤስ ተንደርበርድ ላይ አምሮ ቢታይ ለአውትሉክ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ አለ። ጂሜይል የኢሜይሉ ኤችቲኤምኤል (ኮዱ ከነጽሑፉ) ከ102 ኪሎባይት ሲያልፍ የቀረውን ቆርጦ ሊንክ ያስቀምጥበታል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይረው ደንብ) አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 10 ሺህ ፊደል ያለው ጽሑፍ 30 ሺህ ባይት ሆነ ማለት ነው፤ ቴብሉና በየሴሉ የተደጋገመው ስታይል ገና ሳይቆጠር። የሚቆረጠው ደግሞ ታችኛው ክፍል ነው። ከዝርዝሩ መውጫ ሊንክ ያለው እዚያ ነው። አንባቢ መውጫውን ሲያጣ «ስፓም» የሚለውን ይጫናል። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ የእያንዳንዱን ጽሑፍ መግቢያ ብቻ አስቀምጬ ሙሉውን ወደ ድረ ገጹ ወስጃለሁ።

ፎንቱም እንዲሁ ነው። አፕል ሜይል የዌብ ፎንት ይጭናል፣ ጂሜይል አይጭንም። ስለዚህ ፊደሉ የሚታየው አንባቢው መሣሪያ ላይ ባለው ፎንት ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ አፕል ላይ ከፋ፣ ሌላው ጋ ኖቶ። ኒያላ በተመሳሳይ መጠን አነስ ብሎ ይታያል። በኖቶ ለክታችሁ የሠራችሁት ርዕስ እዚያ ሌላ መልክ ይይዛል። እኔ መጠኑን ከፍ፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተትም ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ፊደላችን ቁመት ስላለው መጨናነቅ አይወድም። ርዕሱን በፎቶ መልክ ማስገባት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፣ እኔ ግን አልመክረውም። ምትክ ጽሑፍ ካልተጻፈለት ፎቶ ለዘጋ ሰውም፣ በስክሪን አንባቢ (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚያዳምጥ ሰውም ርዕሱ ይጠፋል።

ዳርክ ሞድ ላይ አፕል ሜይል የምንሰጠውን ቀለም ያከብራል። አንዳንድ አፖች ግን ሳይጠይቁ ቀለሙን ይገለብጣሉ። ጥቁር ሎጎ ጥቁር መደብ ላይ እንዳይጠፋ ዙሪያውን ስስ ነጭ ጠርዝ ሰጥቼዋለሁ።

ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ቁጥር ማየት አቁሜያለሁ። አፕል ከ2021 ጀምሮ፣ ተጠቃሚው ከመረጠ፣ ፎቶዎቹን አስቀድሞ ስለሚጭን ያልተነበበውም ተከፈተ ተብሎ ይቆጠራል። የምከታተለው የሊንክ ጠቅታንና የሚመለስልኝን መልስ ነው።

ቀጥሎ የምሞክረው ቪው ትራንዚሽንን ነው፤ ከዝርዝሩ ወደ ሙሉ ጽሑፉ ሲገባ ፎቶው አብሮ እንዲያድግ። ከእናንተ መካከል የግዕዝ ፊደልን በአሮጌው አውትሉክ ላይ የሞከረ ካለ የትኛው የፎንት ቅደም ተከተል እንደሠራለት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።