ፋርስ አሸነፈ፣ ትልቁ ሽልማት ግን ለፓልሚራ

ጨዋታው አለቀ። ባለፈው እሑድ ማታ የመጨረሻውን ዙር ቆጥሬ ነጥቡን ለጠፍኩ፣ ከዚያ ግሩፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ አደረ። ስለዚህ ጨዋታ ደጋግማችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ «እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም እንዴ» ላላችሁኝም ጭምር፣ ምን እንደተፈጠረና ማን ምን እንደተሸለመ ልንገራችሁ።

ለማያውቁት ባጭሩ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ጥንታዊ መንግሥት፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ዳኛ። ዳኛው እኔ ነኝ። አንድ ዙር አንድ ዓመት ነው። በየሳምንቱ ሁሉም ትዕዛዙን ኢንቦክስ ይልክልኛል፤ ጦሬን ወዲህ አንቀሳቅስ፣ ግብር ጨምር፣ መርከብ ሥራ፣ ለእገሌ ይህን ደብዳቤ አድርስልኝ። እኔ ሁሉንም አጋጭቼ የሆነውን ጽፌ እለጥፋለሁ። ቴሌግራም፣ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥና ብዙ ቡና ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

የጀመርነው ከ270 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲያዘጋጅ ሮም ጫፍ የደረሰችበትን ዘመን ይመርጣል። እኔን ያ ይሰለቸኛል፣ ሮምን የያዘው ሰው ገና ሳይጀመር ጨርሷላ። በ270 ግን ማንም እግሩን ዘርግቶ አይተኛም። ሮም ለሦስት ተሰንጥቃለች፤ በምዕራብ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) የራሷን ንጉሠ ነገሥት አንግሣለች፣ በምሥራቅ የፓልሚራዋ (በዛሬዋ ሶርያ በረሃ ያለች የነጋዴ ከተማ) ንግሥት ዘኖቢያ ጦሯን ግብፅ አስገብታለች። ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያን በፋርሱ ሻፑር እጅ ከወደቀ ገና አሥር ዓመቱ ነው። በሮም የብር ሳንቲም ውስጥ ያለው ብር ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ሻፑርም ቢሆን አርጅቷል። ከዛሬዋ አፍጋኒስታን እስከ ሰሜን ሕንድ የተዘረጋችው ኩሻን ምዕራቡን ግዛቷን ለፋርስ ካጣች ቆይታለች። በዛሬዋ የመን ያለችው ሂምያር ጎረቤቶቿን ሳባንና ሀድራሞትን ለመጠቅለል ታደባለች። አክሱም በንጉሥ እንዱቢስ ስም የራሷን የወርቅ ሳንቲም መምታት የጀመረችው በዚሁ ሰሞን ነው። በዛሬዋ ሱዳን ያለችው መርዌ ደግሞ ስሟ ትልቅ ነው፣ ኑሮዋ ግን እያሽቆለቆለ። የጨዋታው ማብቂያ 300 ላይ ነበር።

በነጥብ ያሸነፈው ፋርስ ነው። እንኳን ደስ ያለህ። በመሬትም፣ በካዝናም፣ በጦርም አንደኛ ወጥቷል፣ የተከራከረ የለም። ሮም ሁለተኛ፣ ሂምያር ሦስተኛ። ስለ ነጥቡ የምለው ይኸው ነው። ፋርስ ያሸነፈው አንዲት ሳንቲም ሳይስት እየቆጠረ፣ አደጋ ያለበትን ነገር በሩቁ እየሸሸ ነው፤ የእሱን ትዕዛዝ ሳነብ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር። (ፊትህም ብዬሃለሁ፣ አትቀየመኝ።)

ሽልማቶቹ በድምፅ ናቸው። ሁሉም ይመርጣል፣ ለራስ ድምፅ መስጠት ክልክል ነው፣ ዳኛ አይመርጥም። ገንዘብ የለበትም። ኩሻንን የያዘችው ልጅ እጇ ስዕል ይችላል፣ ለየአሸናፊው በአክሱም ሳንቲም ዓይነት የወርቅ ሳንቲም ሣለችለት። መሐል ላይ የሰውየው ራስ በሻሽ እንደተጠመጠመ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የእህል ዛላ፣ ከላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ። በክርስትና መስቀሉ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ምልክት ያ ነው። የሂምያሩ መነጽር ሳይቀር ሳንቲሙ ላይ አለ።

ሂምያር ካልኩ አይቀር ወደ «የዓመቱ ከሃዲ» ልሂድ። ይህን ዘርዘር አድርጌ ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል።

ሂምያርን የያዘው ልጅ የሚኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ነው። ለምን እንደመረጣት ስጠይቀው፣ መቶ ዓመት ቆይተው የሂምያር ነገሥታት ወደ አይሁድ እምነት እንደሚገቡ አስታወሰኝና «የኛ ሰዎች ናቸው፣ ቀደም ብዬ ቤቱን ላዘጋጅላቸው» አለኝ። አክሱምን የያዘው ዱባይ ነው፣ ሆቴል ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ሁለቱ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እጅና ጓንት ነበሩ። ባብ ኤል መንደብ ላይ ባሕሩ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠባል፤ በዚያ የሚያልፈውን መርከብ ቀረጥ እኩል ሊካፈሉ ተዋዋሉ። ቀረጡ ጥሩ ገባ። አክሱም ጠገበ። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ፣ በደላላ መሥራት ይብቃኝ፣ በራሴ መርከቦች ሕንድ ድረስ እነግዳለሁ አለ።

እዚህ ላይ ነፋሱ ይመጣል። ወደ ሕንድ የሚሄድ መርከብ በሐምሌ ገደማ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ይዞ ይወጣል። ለመመለስ ግን ነፋሱ ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ እስኪነፍስ እዚያው መቀመጥ አለበት፣ ያ ደግሞ ከኅዳር ወዲያ ነው። ይህ በሕጋችን ላይ ተጽፏል፣ ግን ሕግ የሚያነብ ማን አለ? ሂምያር አነበበ። ሌላም ነገር አነበበ። ከአዱሊስ ወደብ አክሱም ከተማ የስምንት ቀን መንገድ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የጻፈ አንድ ነጋዴ በመንገዱ ላይ እስካለችው ከተማ እስከ ቆሎኤ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ወደ አክሱም አምስት ቀን ብሎ ቆጥሮታል፣ እኛም ያንኑ ወስደን ሠራንበት።

የላከልኝ ትዕዛዝ አጭር ነበር። ነሐሴ፣ በሌሊት፣ አዱሊስ። መጋዘኑን ብቻ። የዝሆን ጥርሱን፣ የአውራሪስ ቀንዱንና የባሕር ዔሊ ቅርፊቱን ጫን፣ የተረፈውን አቃጥል። ሰው አትንካ። በስድስተኛው ቀን ውጣ።

ገባችሁ? ወሬው ደጋ ደርሶ የአክሱም ጦር ቁልቁል እስኪወርድ ሂምያር ተጭኖ ሄዷል፣ የአክሱም መርከቦች ደግሞ ሕንድ ወደብ ላይ ነፋስ እየጠበቁ ነው። አንድ ሰው ሳይሞትበት የቀይ ባሕርን ንግድ ገለበጠው። ውጤቱን ስለጥፍ አክሱም የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር፣ የላከው የድምፅ መልእክት ውስጥ የሆቴሉ ሊፍት ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። መርከቦቼ ይመለሱልኝ አለ፣ ነፋሱ አይፈቅድም አልኩት፣ ታዲያ ነፋሱን ማን ሾመው አለ። ሂምያር በበኩሉ ግሩፑ ላይ አንዲት መስመር ጻፈ፤ «ቀረጡን እኩል ተካፍለናል፣ ይሄኛው የመጋዘን ኪራይ ነው።»

ወዲያው ሁሉም ዓይኑን ወደ መርዌ አዞረ። መርዌን የያዙት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፣ ትዕዛዛቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ሂምያር አግባባቸው። ጋሼ፣ አክሱም ተዳክሟል፣ እርስዎ በምዕራብ በኩል ይግቡ፣ ደጋውን ይውሰዱ። ሰዉም ይጎተጉታቸው ጀመር። ታሪኩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን የኢዛና ጦር ወደ መርዌ አገር ይወርዳል፣ ኢዛና ራሱ በድንጋይ አስቀርጾታል። «ጋሼ፣ ሳይቀድምዎ ቅደሙት!» የሚል መልእክት ጎረፈ።

ጋሼ ከአክሱም ጋር የመረዳዳት ውል ነበራቸው። ለሁሉም የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።» ከዚያ በዚያው ሳምንት ለአክሱም ብረት ላኩ። መርዌ ሌላ ባይኖራት ብረት አላት፣ የብረት ማቅለጫዋ ዝቃጭ እስከ ዛሬ ኮረብታ ሆኖ ይታያል። «የቃል ሰው» የሚለው ሽልማት የእሳቸው ነው። በነጥብ ከመጨረሻ ሁለተኛ ናቸው፣ ቅር ያላቸው አይመስለኝም። ሳንቲማቸውን አይተው «ጢሜን አሳንሳችሁታል» ብቻ ነው ያሉት።

አክሱምም ባዶ እጁን አልቀረም። ጥርሱ ከተዘረፈ በኋላ የቀረው ወርቁ ነበር። የሳንቲሙን ሚዛን ከሮም ወርቅ ጋር አስተካክሎ በግሪክኛ ጽፎ መታ፣ እውነተኞቹ የአክሱም ነገሥታትም ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ነጋዴው በሄደበት ሁሉ ሳይጠራጠር እንዲቀበለው። ሮም በዚያ ብር በጠፋበት ሳንቲሟ ልትከፍለው ስትሞክር አሻፈረኝ አለ፣ በወርቅ ብቻ። እያደር ሂምያር ሳይቀር ቀረጡን በአክሱም ወርቅ መቁጠር ጀመረ። «የነጋዴ ሽልማት» ለእሱ ሆነ። የዱባይ ልጅ ገንዘብ ቢያውቅ ምን ይገርማል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበልላችሁ። «የደብዳቤ ሽልማት» ለኩሻኗ፣ ለፋርስ መላክ የነበረባትን ግብር ዙር በዙር ዝሆኑ ታሟል፣ ዝሆኑ እያገገመ ነው፣ ዝሆኑ አገረሸበት እያለች እስከ መጨረሻው ስላሻገረችው። ፋርስ በኋላ የራሱን ሐኪም ልኮላት ነበር፣ ሐኪሙም ታመመ። «የመጨረሻ ደቂቃ» ለሮም። ትዕዛዝ የሚዘጋው እሑድ ማታ በአዲስ አበባ 3 ሰዓት ነው፤ ሮምን የያዘው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እሱ ጋ ገና ቀትር አለፍ ያለ ነው፣ እንደውም ቀኑ ሙሉ አለው፣ ግን አንድም ጊዜ ከ2፡55 በፊት ልኮ አያውቅም።

አሁን ወደ ንትርኩ። ትልቁ ሽልማት፣ «የጨዋታው ባለውለታ» የምንለው፣ ለፓልሚራ ወጣ። ፓልሚራ በነጥብ መጨረሻ ነች። ነጥቧ ዜሮ ነው።

ፓልሚራን የያዘችው አዲስ አበባ የባንክ ሠራተኛ ነች። አጀማመሯ ከታሪኩ የተቀዳ ነበር፤ በአንድ ፊቱ የሮሙን አውሬሊያን፣ በሌላው ፊቱ የዘኖቢያን ልጅ የያዘ ሳንቲም መታች። እውነትም ፓልሚራ እንዲህ አድርጋለች። ግብፅን ይዛ «እኔ እኮ ያንተው ነኝ» እንደማለት ነው። ሮም ተታለለ፣ ወደ ጎል ዞረ፣ እሷም ጊዜ አገኘች። በታሪኩ አውሬሊያን ፓልሚራን ያንበረከካት በ272 ነው፣ የእኛዋ 274 ደረሰች። ከዚያ ያው አለቀላት። ከተማዋ ወደቀች፣ መሬት የለ፣ ጦር የለ።

እንዲህ ዓይነት ጨዋታ የተጫወተ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። የወደቀው ሰው ሁለት ሳምንት ዝም ይላል፣ ከዚያ «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል፣ ከዚያ ግሩፑን ለቆ ይወጣል። ተከትሎት ሌላው። መሐል ላይ ሲደረስ ግማሹ ካርታ ባለቤት አልባ ነው፣ የቀሩት ሁለት ጠንካሮች ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ባዶ መሬት ይሰበስባሉ፣ ዳኛውም ይሰለቻል። ያየኋቸው ብዙዎቹ ጨዋታዎች የሞቱት እንዲህ ነው። በጦርነት የሞተ አላየሁም።

እሷ ግን ከወደቀች በማግሥቱ ጻፈችልኝ። መሬት ሳይኖረኝ መጫወት እችላለሁ? ሕጉን አየሁት፣ አይከለክልም። ግመሎቿን ይዛ ነጋዴ ሆነች። የሌሎችን ዕቃ ታመላልሳለች፣ ወርቅ ታበድራለች፣ ደብዳቤ ታደርሳለች። ደብዳቤውን ደግሞ ታነበዋለች። የሮም ጦር በየት በኩል እንደሚመጣ ለፋርስ የሸጠችው እሷ ነች፣ ፋርስ የድንበሩን ከተማ ኒሲቢስን የያዘው በእሷ ወሬ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የፋርስን የግመል ዋጋ ለሮም ሸጠች። ለአክሱም የወርቅ መመዘኛ ያስመጣችለት እሷ፣ ሂምያር የዘረፈውን የዝሆን ጥርስ አሌክሳንድሪያ ወስዳ የሸጠችለትም እሷ። መጨረሻ አካባቢ ከእሷ ጋር ያልተበዳደረ መንግሥት አልነበረም።

ድምፁ ሲቆጠር ሮም ተነሣ። መሬት የሌለው ሰው እንዴት ይሸለማል፣ ነጥብ ታዲያ ለምን ቆጠርን? የእሱ ነገር ይገባኛል፣ ያሸነፋት እሱ ነው፣ ያውም ለፍቶ። ግን ትልቁ ሽልማት ለነጥብ እንደማይሰጥ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተናግሬያለሁ፣ ይህን ያልኩትም እንደ እሷ ያለ ሰው እንዳይሄድብኝ ነው። ለነጥቡ ፋርስ አለ፣ ስሙ ከላይ ተጽፏል። እሷ በ274 ወጥታ ቢሆን ኖሮ ይህ ጨዋታ 280 የሚደርስ አይመስለኝም፣ ሮምም ሁለተኛ የሚወጣበት ነገር አይኖርም ነበር። ፋርስ ራሱ ድምፁን ለእሷ ነው የሰጠው፣ ዕዳው ስላልተከፈለ ነው የሚሉ አሉ።

ቀጣዩ ጨዋታ በ525 እ.ኤ.አ. ይጀመራል ተብሎ ተወስኗል። አክሱም ላይ ካሌብ፣ ሂምያር ላይ ዙ ኑዋስ፣ ቁስጥንጥንያ ላይ ዮስጢኖስ፣ ፋርስ ላይ ቀዋድ። የነታንያው ሂምያርን አልለቅም ብሏል፣ በታሪኩ በዚያ ዓመት እንደሚሸነፍ እያወቀ። የዱባዩም አክሱምን አልለቅም ብሏል፣ የመጋዘን ኪራይ አለብኝ ይላል። ጋሼ ቁስጥንጥንያን ጠይቀዋል። ፋርስ ገና ባዶ ነው፣ የድሮው ፋርስ በቃኝ፣ አሁን እንደ ፓልሚራ መሬት የሌለው ነጋዴ ልሁን ብሎኛል፣ እንቅልፍ ያስያዘኝ ሰውዬ። መጫወት የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ዳኛ መሆን የሚፈልግ ካለማ ዛሬውኑ ይጻፍ፣ እኔም አንድ ጊዜ መርከብ ማቃጠል አምሮኛል።